በሩ ያልበቃቸው ሰዎች

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ከሁሉ በፊት ስለ ጤናሽ ልጠይቅ። ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ያስይዝሻል? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? ባለቤትሽ እንዴት ናቸው፣ ሳላቸው ተሻላቸው? ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዴት ተወጣው? መንትዮቹስ አሁንም አንዱ የሌላውን ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት ይሄዳል? አክስታችንስ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ከሬዲዮው ጋር ይከራከራሉ ወይስ ታረቁ? ሁላችሁንም በአንድ «እንዴት ናችሁ» ጠቅልዬ ማለፍ አልወደድኩም፤ አንድ በአንድ ፊቴ ላይ እየመጣችሁብኝ ነውና የጥያቄዬን መብዛት ታገሺኝ።

እኔ በጤናዬ በኩል የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። ደክሞኛል፤ ነገር ግን ድካሜ በሽታ አይደለም፤ ሥራና ሐሳብ ተደራርበው ያመጡት ነው። አባባም ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይቀልዳሉ። ሆኖም አንድ ነገር አለ፤ ልብሽን አንጠልጥዬ እንዳላቆየው አሁኑኑ ልንገርሽ። የአባባ ዓይን እየደከመ ነው። ምን ያህል እንደደከመና ሊመለስ መቻል አለመቻሉን ገና አላወቅንም። በስልክ ያልነገርኩሽ ነገሩ ቅደም ተከተል ስለሚፈልግ ነው። በስልክ ቢሆን እኔ አንዱን ሳልጨርስ አንቺ ሁለተኛውን ትጠይቂኛለሽ፣ ሦስተኛው ላይ ታለቅሻለሽ፣ እኔም «ምንም አይደለም» ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

እንዴት እንዳወቅሁት ለማስረዳት ጠረጴዛችን ላይ ስላለው ነገር መናገር አለብኝ። በስልክ ሁለት ሦስት ጊዜ «ከአባባ ጋር አንድ ነገር እየሠራን ነው» ስልሽ «መልካም፣ ጊዜ ማሳለፊያ አገኙ» ብለሽ አልፈሽዋል። ማሳለፊያ ነበር፤ ሲጀመር።

እኔ ጋ የመጡ ሰሞን እንዴት እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። እማማ ካረፈች በኋላ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጥርስ ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ ሥራ ካቆሙ በኋላ እንኳ የጎረቤቱን ሁሉ ጥርስ ሲጠግኑ የነበሩ ሰው፣ እዚህ መጥተው መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። ከሥራ ስመለስ «አባባ፣ ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ስላቸው «መኪና ሲቆም ዋልኩ» ይሉኝ ነበር። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም።

የእኔን ሥራ ታውቂዋለሽ። ከየግንባታው ቦታ ለቤተ ሙከራችን የሚመጡትን የኮንክሪት ኩቦች መጭመቂያ ማሽን ሥር አስቀምጬ እስኪሰነጠቁ እጫናቸዋለሁ፤ በስንት ጭነት እንደተሰበሩ አይቼ እፈርማለሁ። አብረውኝ የተማሩት ድልድይ ሲሠሩ እኔ እሰብራለሁ። አባባ በዚህ ሲቀልዱብኝ «ለመስበር ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርንህ? ይህንንማ ልጅ ሆነህም ታውቅበት ነበር» ይላሉ። አቧራው ጉሮሮዬን፣ ጩኸቱ ጆሮዬን ይዞት ቤት እገባለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ከቤተ ሙከራው የተጣለ አሮጌ የማሽን መቆጣጠሪያ ሳጥን ይዤ መጣሁ፤ ብረቱን ለመደርደሪያ አስቤው ነበር። አባባ ክዳኑን ነቅለው ውስጡን ሲያዩ ቆዩ። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ የተተከሉትን ጥቃቅን ነገሮች በጣታቸው እየጠቆሙ «ይህ እኮ ከተማ ነው» አሉ። «ይኸው የውኃ ታንከሩ፣ ይኸው ፎቁ፣ ይኸው መንገዱ። የጎደለው ሰው ብቻ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳሎኑ ጠረጴዛ ሌላ ፕላኔት ሆኗል፤ የምንበላው ወጥ ቤት ቆመን ነው። ከመሬት እጅግ ርቀው የሄዱ ሠራተኞች የሚኖሩበት ጣቢያ ነው የሠራነው። ቀዩ አፈር የተፈጨ ጡብ ነው። ክብ ክብ የሆኑት መኖሪያ ቤቶች ክኒን የሚታሸግባቸው ፕላስቲኮች ናቸው፤ የአባባ የደም ግፊት መድኃኒት አንድ ሙሉ ሰፈር አቋቁሟል። ከሰማይ መልእክት የሚቀበለው ሰሃን የሻይ ማጥለያ ነው። መንኮራኩሯ የተቃጠለች ፀጉር ማድረቂያ ስትሆን፣ የምታርፈው የአሮጌ ካውያ ሆድ ላይ ነው። የእስክሪብቶ ቀፎ፣ የተበላሸ ሰዓት፣ የጥርስ ሳሙና ቱቦ፣ የዚፕ ቁራጭ፣ ሁሉም እዚያ ሥራ አግኝቷል። እኔም መንገድ ላይ ዓይኔን መሬት መሬቱን አድርጌ መሄድ ስለለመድኩ ኪሴ ሞልቶ እገባለሁ። በሩን ስከፍት አባባ ከወንበራቸው ሆነው «ቆራሌው መጣ» ይላሉ።

ሥራውን ስንከፋፈል ሕንፃው የእኔ፣ ሰዎቹ የእሳቸው ሆኑ። ከሻንጣቸው ሥር የሙያ ዕቃቸውን አወጡ፤ ለካ እዚህ ድረስ ይዘውት መጥተው ኖሯል። ሰዎቹን መጀመሪያ በሰም ይቀርጿቸዋል፤ ሰሙን ጀሶ ውስጥ ቀብረው ያቀልጡታል፤ በቀረው ባዶ ቦታ ድድ የሚሠሩበትን ፕላስቲክ ሞልተው በድስት ይቀቅሉታል። የነበራቸው ፕላስቲክ ሮዝ ብቻ ስለሆነ ጠፈርተኞቻችን ሁሉ የድድ ቀለም ያለው ልብስ ነው የለበሱት። «ከሩቅ እንዲታዩ ነው» ብለው አስረዱኝ።

ከእኛ ፎቅ ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ የክር ማጠንጠኛ ልትሰጠን ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ «አባቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይሸታል? ምን እየቀቀላችሁ ነው?» ትላለች። አባባም «ሦስት ሰውና አንድ ውሻ» ይሏታል። አንድ ቀን ጣቢያውን ዞር ዞር ብላ አየችና «እዚህ ሰፈር ሴት የለም እንዴ? ይህ ሁሉ ወንድ ተሰብስቦ ማን ሊያስተዳድረው ነው?» አለች። አባባ «መጥታ የምታስተዳድር ጠፍታ ነው» ብለው መለሱላት። በሳምንቱ አንዲት ሴት ተቀቅላ ወጣች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንገቷ ላይ ሜትር ጥላ። ልብስ ሰፊዋ አየቻትና «እኔ እንዲህ ወፍራም ነኝ?» ብላ ተቆጣች። አባባ «እዚያ ፕላኔት የምድሩ ስበት ትንሽ ስለሆነ ሰው ይፋፋል፤ ይህን እሱ ያስረዳሻል» ብለው ወደ እኔ ላኳት። እኔም አስረዳኋት። እንደዚህ ያለ ነገር ባላስረዳ ምን ነበረበት።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ በጥንቃቄ አንብቢልኝ። ሕንፃዎቹን ከመጀመሬ በፊት ልኬት ወስኜ ነበር። አንድ ሰው ቁመቱ ሃያ አራት ሚሊ ሜትር፤ በሮቹም፣ መስኮቶቹም፣ ደረጃዎቹም በዚያ መጠን። ለአባባ የብረት መለኪያዬን ስሰጣቸው መልሰው ገፉልኝ። «እኔ የሰው አፍ የለካሁት በዓይኔና በጣቴ ነው። ጎረበጠኝ ብሎ የተመለሰብኝ ሰው የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንቺም ታውቂያለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ለክቻቸው ነበር። አንዳቸውም ከሃያ አራት አላለፉም፤ የእጃቸው ጣት ይቆጠር ነበር፤ አንዱ ጠፈርተኛ እንዲያውም ጥርሱን ታሞ ጉንጩን ይዞ ተቀምጧል፣ ማመሙ ከቅንድቡ ይታወቅ ነበር። ከዚያ በኋላ መለካቱን ተውኩት። ከእሳቸው እጅ የወጣን ነገር መለካት ነውር መሰለኝ።

ቀጥለው የመጡት ሰዎች ጣት አልነበራቸውም። አባባ «ብርዱ ስለከፋ ጓንት አጥልቀዋል» አሉኝ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር፤ ጭራሽ ብርዱ እንዲታይ ብዬ ጣሪያዎቹ ላይ ጨው ነሰነስኩ። ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው ጠፋ። «የአቧራ ማዕበል ተነስቷል፤ የራስ ቁራቸውን መስተዋት አውርደዋል» አሉ። እኔም ከቤተ ሙከራው ሲሚንቶ አምጥቼ አየሩን አጠቆርኩት። እሳቸው ምክንያት ሲሰጡኝ እኔ ምክንያቱን እየገነባሁ፣ በጣቢያው ላይ የአየር ጠባይ እስከ መለወጥ ደረስን። ማታ ማታ ስለዚያ ማዕበል እናወራ ነበር፤ መቼ እንደሚያልፍ፣ ማን ውጭ እንደቀረ። እትዬ፣ ደስ የሚል ወሬ ነበር። ለዚያ ነው አሁን ሳስበው የሚከብደኝ።

ባለፈው ወር በአንድ የእረፍት ቀን የፈረቃ ለውጥ ልናሳይ ወሰንን፤ ከማዕድን ጉድጓዱ የወጡ ሠራተኞች ወደ መኖሪያቸው ሲገቡ። አባባን ልብስ ሰፊዋ ደግፋ ወደ ቤቷ ወስዳቸው ስለነበር ሰዎቹን ያቆምኩት ብቻዬን ነበር። የመጀመሪያውን ሠራተኛ በሩ ላይ ሳደርሰው ራሱ ከመቃኑ በላይ ሆነ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከመላው ፈረቃ በዚያ በር የሚገባ አንድም ሰው አልነበረም። የጠረጠርኩት ራሴን ነበር፤ በሩን ለካሁት፤ ልክ ነው። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ በመጡበት ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ታሪክ ስላለው ማን ከማን በኋላ እንደመጣ አይጠፋኝም። ከዳር ጀምሬ ለካሁ። ከሃያ አራት ተነስተው፣ አንዱም ወደ ኋላ ሳይመለስ፣ ቀስ በቀስ አድገው ሠላሳ አንድ ደርሰዋል።

በሥራዬ ስህተት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል «እጅ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ስህተት ግን ምክንያት አለው፤ እስኪገኝ ድረስም ፊርማ አይቀመጥበትም። ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብዬ የሰዎቹን ረድፍ ሳይ፣ ከጣት ወደ ጓንት፣ ከፊት ወደ መስተዋት፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ የአባባ ዓይን ሲሄድ ፊት ለፊቴ ተሰልፎ አየሁት። ሌላውም ነገር ወዲያው ተከተለ። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን የብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሚያስቀምጡት ለምን እንደሆነ ገባኝ። ጋዜጣውን «አንተ አንብብልኝ፣ ድምፅህ ያምራል» የሚሉኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። የመንትዮቹን ፎቶግራፍ የላክሽልን ጊዜ መስኮቱ ዘንድ ወስደው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ከስታለች፣ ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ብለው ነበር። አንቺ ፎቶው ውስጥ የለሽበትም።

በማግስቱ ወደ አንዲት የዓይን ሐኪም ሄጄ ጠየቅሁ። «ያላየሁትን ዓይን ምን ልበልህ?» አለችኝ። «ሞራ ከሆነ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይነሳል። የዓይን ግፊት ከሆነ ግን የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ነው የምንይዘው። ስለዚህ ቆመህ አትጠይቀኝ፤ ይዘሃቸው ና።» ከዚህ በኋላ ማናቸውም መዘግየት ከቀረው ላይ የሚቀነስ ሊሆን እንደሚችል አውቄያለሁ ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ወር ያለፈው።

ለምን አለፈ ብትይ፣ በቅድሚያ «አባባ፣ ሁለታችንም አጠቃላይ ምርመራ ብናደርግ» ብዬ ዞር አድርጌ ሞክሬ ነበር። «ምኔ ነው የሚመረመረው? ዕድሜዬን ከሆነ እኔው እነግርሃለሁ» አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነሳው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በግልጽ «ዓይንዎ ደክሟል» ለማለት ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ። ዕድሜ ልካቸውን በዓይናቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ፤ በሮቹን ማሳደግ ጀመርኩ።

ሳቂብኝ፤ ይገባኛል። እሳቸው እንዳያውቁ ክፍል ክፍሉን እየነቀልኩ ወደ ሥራ ቦታ ወስጄ በምሳ ሰዓት አሻሽላለሁ። በሩ ሲያድግ ደረጃው አነሰ፤ ደረጃው ሲያድግ ጣሪያው ወረደ፤ ጣሪያው ሲነሳ የጎረቤቱ ቤት ጎጆ መሰለ። ደክሞኝ ውዬ በዕረፍቴ ደግሞ የሌላ ፕላኔት መቃን ሳነሳ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከኋላዬ መጥቶ «ይህ ከየትኛው ሳይት የመጣ ናሙና ነው?» አለኝ። «ሩቅ ነው» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ።

በዚህ መካከል ልብስ ሰፊዋ ደረጃ ላይ አስቆመችኝ። «ስማ ኢንጂነር፣ እኔ አልነገርኩህም እንጂ አባትህ ፈርተዋል» አለች። ለእሷ ነግረዋታል፤ ማየት ካቃታቸው ጀምሮ በስፌት ቤቷ ተቀምጠው ቁልፍ በጣታቸው ይለዩላታል። ያሏት እንዲህ ነው፦ «ልጄ ያወቀ ዕለት ለእህቱ ይደውላል፤ እህቱ ላክልኝ ትላለች፤ እሷ ሲደክማት መልሳ ትልከኛለች። ሻንጣ ሆኜ ቀረሁ።» ይህን ከየት እንዳመጡት አልገባኝም ነበር። እኔና አንቺ በእማማ ቀብር ሰሞን በረንዳ ላይ ተቀምጠን «ተራ በተራ እንይዛቸዋለን፤ አንዳችን ሲደክመን ለሌላችን» የተባባልነውን የሰማ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አባባ ውሻውን በር ላይ ሊያቆሙት ፈለጉ። ቦታውን በጣታቸው ዳበሱና እጃቸው መቃኑ ላይ ቆመ። ወደ ላይ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«ይህን በር ማን ነካው?» አሉኝ።

እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ጠቦ እንደሆነ ጠየቁኝ። በሩስ ልክ ነበር አልኳቸው። ከሠራተኞቹ አንዱን አነሱና ከእግሩ እስከ ራሱ በሁለት ጣታቸው መካከል ያዙት። አስቀምጠው ደግሞ ያንን ጥርሱን የታመመውን፣ የመጀመሪያውን፣ ፈልገው ያዙ።

«በስንት?» አሉ።

«በሰባት ሚሊ ሜትር» አልኩ።

«በሰባት ሚሊ ሜትር አፍ አይገጥምም» አሉ። ከዚያም ከመቼ ጀምሮ እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። ወር ሊሞላኝ ነው አልኳቸው። «ታዲያ ወሩን ሙሉ በር ስታሳድግ ነበር? ምን ዓይነት መሐንዲስ ነህ አንተ? ሰውየውን መመርመር ነው እንጂ በሩን ምን አድርግ አለህ?» የሳቁ መስሎኝ ቀና ስል እየሳቁ አልነበረም፤ እያለቀሱም አልነበረም። ሰውየውን በመዳፋቸው ይዘው እየመዘኑት ነበር።

እንዴት እንደሚታያቸው ከዚያ በኋላ ነገሩኝ። የሻይ እንፋሎት ፊት ለፊታቸው ቆሞ የቀረ ያህል እንደሆነና እኔ ከእንፋሎቱ ማዶ እንዳለሁ። ማለዳ እንደሚሻል፣ ሲመሽ እንደሚብስ። ስለ ሐኪሟ ነገርኳቸው፤ ሁለቱንም፣ የሚነሳውንም የማይመለሰውንም፣ ሳልቀንስ። አዳምጠው ሲጨርሱ «እሄዳለሁ» አሉ። «ግን ከመሄዴ በፊት ለእህትህ ጻፍላት። ስለ እኔ ያሰብከውን ሁሉ ጻፍ። ደብዳቤውን ከመዝጋትህ በፊት ደግሞ ለእኔ አንብብልኝ፤ ሳትዘል።» ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሐኪሟ የምትለውን ከሰማን በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ የሐኪሟ ነው የሚሆነው። አንተ ምን እንደምትል አሁን ማወቅ እፈልጋለሁ። የቀብሩ ሰሞን መስኮቱ ክፍት ነበር» አሉ።

እንግዲህ እትዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁለት ሰው ይሰማዋል፤ አንቺ በኋላ፣ እሳቸው በፊት። አጻጻፌ ቢጠነቀቅ ለዚያ ነው።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ውጤቱን አላውቅም፤ የማላውቀውንም መልካም ይሆናል ብዬ አልጽፍልሽም። የምጽፍልሽ የማውቀውን ነው። የበረንዳውን ስምምነት አፍርሼዋለሁ። አንቺ ክፉ ስለሆንሽ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም የምናስበው ስለ ራሳችን ጉልበት ብቻ ስለነበር፣ ሰው እንዲህ ባለ ሒሳብ እንደማይያዝ ስለገባኝ ነው። አባባ እኔ ጋ የሚኖሩት ተራዬ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲኖሩልኝ ስለምፈልግ ነው። ዓይናቸው ቢመለስም እዚሁ ናቸው፤ ባይመለስም እዚሁ ናቸው። ወደ አንቺ መምጣት ያማራቸው ዕለት ራሳቸው ይነግሩኛል፤ ትኬት እቆርጣለሁ፤ መመለስ ሲያምራቸው ደግሞ እቀበላቸዋለሁ። እደክማለሁ፤ አሁንም ደክሞኛል፤ ይህን ብክድ አታምኚኝም። ወደፊትም በስልክ «ደክሞኛል» ስልሽ ትሰሚ ይሆናል። ደክሞኛል ማለቴ ግን ውሰጂልኝ ማለቴ አይደለም።

አንቺንም የምለምንሽ ይህንኑ ነው። ስትደውይ «ላክልኝ» አትበይ፤ ስለ ዓይናቸው ጠይቂያቸው፣ ራሳቸውን ጠይቂያቸው፣ እኔን በእሳቸው ፋንታ አትጠይቂኝ። ጣቢያውን አላፈረስነውም። ትናንሾቹም ትላልቆቹም ባሳደግሁት በር ይገባሉ፤ አባባ ሰዎቹ እንዳሉ ይቆዩ ብለዋል፤ እኔም ከእንግዲህ አልለካቸውም።

ባለቤትሽን በአክብሮት እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ሳላቸውን ችላ እንዳይሉት። ትልቁን ልጅሽን ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ራሱ ጽፎ እንዲነግረኝ ንገሪው። መንትዮቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ተቀያይረው ሁለቴ እንዳያስሙሽ ጫማቸውን ሳይሆን ፊታቸውን እያየሽ። አክስታችንን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ስለ ዓይኑ ነገር ግን አንቺ ራስሽ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ንገሪያቸው እንጂ ከሰው አይስሙት። ልብስ ሰፊዋም፣ አይታሽ ባታውቅም፣ ሰላም በልልኝ ብላለች።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለአባባ አንብቤላቸዋለሁ። ዘልዬ ያለፍኩት ነገር የለም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ። «ታለቅሻለሽ» ያልኩትን ሰርዘው አሉኝ፤ ተከራክሬ አስቀረሁት። የበረንዳው ቦታ ላይ ስደርስ አንገታቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ «ስለ ድካምህ ያልከውን ድገመው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ቀጥለውም የሐሙሱ ቀጠሮ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ጠየቁኝ። ጠዋት ነው አልኳቸው። «ጥሩ፣ ጠዋት ይሻለኛል» አሉ።

አክባሪ ወንድምሽ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ ጥግ
ኅዳር 19 ቀን